የወፍ ይዞታ ምንድን ነው?

ወፍ አንድን ቦታ «የእኔ» ብላ ይዛ ከመሰሎቿ ከተከላከለች፣ ያ ቦታ ይዞታዋ ነው። «ክልል» ልለው ነበር፤ ወሬው ወደ ሌላ እንዳይዞር ፈራሁ። ደግሞም ይዞታ ይሻላል፤ ካርታና አጥር ባይኖረውም ድንበር ገፊ አያጣውም።

ከፍቺው ውስጥ ዋናው «ቦታ» የሚለው ቃል ነው። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳዎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲናጠቁ ፎቶ አንስቶ «የግዛት ጦርነት» ብሎ የሚለጥፍ አለ። ፎቶው ግሩም ሊሆን ይችላል፤ ጠቡ ግን የጉርሻ ነው። ዓሣው ሲያልቅ ጎን ለጎን ቆመው ፀሐይ ይሞቃሉ።

እውነተኛውን የይዞታ ጠብ ለማየት እንጦጦ መውጣት ይበቃል። እሬት ወይም ብርቱካናማው ራስ ክምር ሲያብብ የተከዜ ሰንበርድ አይጠፋም። ስሙ ከወንዙ የመጣ፣ ቀጭን ቆልማማ መንቁር ያለው አበባ ቀሳሚ ወፍ ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደረቱ ሐምራዊ ሆኖ ያብለጨልጫል። ከቁጥቋጦው አናት ብቅ ያለች አንዲት ደረቅ ጭራሮ ማማው ናት። ሌላ ወንድ መጥቶ ገና መንቁሩን አበባ ውስጥ ሲሰድ፣ ከማማው ሽው ብሎ ይወርድበታል። ብዙውን ጊዜ ሳይነካኩ ነገሩ በሁለት ሦስት ሰከንድ ያልቃል።

ይህን ሁሉ ለምን ይደክማል? የወፍ ተመራማሪዎቹ ፍራንክ ጊልና ላሪ ዎልፍ በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኬንያ ጥናት ሒሳቡን አስልቶታል። የዚሁ ወፍ ዘመድ የሆነው ባለ ወርቃማ ክንፉ ሰንበርድ ተቀምጦ ሲያርፍ በሰዓት 400 ካሎሪ ገደማ፣ አበባ ሲቀስም 1,000፣ ይዞታውን ሲያስከብር 3,000 ያቃጥላል። ካሎሪዋ የሳይንሱ ትንሿ ናት፤ ብስኩት ማሸጊያ ላይ ከምናያት አንድ ሺህኛ። ታዲያ ዘብ መቆም የሚያዋጣው፣ ሌላ ያልቀሰመው አበባ ውስጥ ማሩ ተጠራቅሞ ወፉ ቶሎ ጠግቦ ረጅም ሰዓት ማረፍ ሲችል ነው። በየቁጥቋጦው ማር ሞልቶ ከተረፈ ግን ማን ዘበኛ ይቆማል? ገፊው ከመጠን ሲበዛም ይተወዋል።

ፎቶ አንሺ ከዚህ ሒሳብ ያተርፋል። እኔ መጀመሪያ የሚባረረውን ወፍ በሌንስ ስከተል ከርሜ የሰበሰብኩት የባዶ ሰማይ ፎቶ ነው። ዘዴው ማማውን መፈለግ ነው፤ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ፣ ፎከሱን እዚያችው ጭራሮ ላይ አስሮ፣ ሹተሩን 1/2000 ሰከንድ ወይም ከዚያ ፈጠን አድርጎ መጠበቅ። አባሮ ሲጨርስ የሚመለሰው ወደዚያው ነው።

የወፉን ድምፅ በስልክ ከፍቶ ጠብ መጫር ግን ነውር ነው። የሌለ ባላጋራ ሲፈልግ ያንን 3,000 ያቃጥላል፤ በዚያ መሀል እውነተኛው ድንበር ገፊ አበባውን ይጨርስበታል።

ከጠቡ ይልቅ እኔ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ጭራሮው ላይ ተመልሶ ያርፋል፣ መንቁሩን ግራና ቀኝ ይጠርጋል፣ ላባውን አንዴ ያራግፋል፣ ከዚያ አንገቱን እያዞረ መቃኘት ይጀምራል። ያኔ ሐምራዊው ደረት ፀሐይ ላይ ነው።