ማርዚፓን እንቁላል አይፈልግም

ጾም በገባ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። «ማርዚፓን እንቁላል አለው አይደል? ታዲያ በጾም እንዴት ትሸጪያለሽ?» ደሴ ላይ ኬክ የምታዙኝ ሁሉ፣ አንዴ ልመልስና እንገላገል። ማርዚፓን ለኬክ መሸፈኛና ማስጌጫ የሚሆን ሊጥ ነው፤ የተላጠ አልሞንድና የላመ ስኳር ብቻ። የእንቁላል ነጭ የሚጨምሩ አሉ፤ ግዴታ ግን አይደለም። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ስለሚችል፣ ልጆች ለሚበሉት በፍስክም አላደርገውም።

«ታዲያ ምን ያያይዘዋል?» የአልሞንዱ ዘይትና ጥቂት ውሃ! 250 ግራም አልሞንድ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ በጣት ጫን ስታደርጉት ፍሬው ከልጣጩ ሾልኮ ይወጣል። በደንብ አድርቁት። የደሴን የክረምት ፀሐይ አትጠብቁ፤ ለብ ያለ ኦቨን ይሻላል። ከ250 ግራም የላመ ስኳር ጋር ፍጩት። ከዚያ ውሃ በሾርባ ማንኪያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩና እሹት። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ማንኪያ ይበቃዋል። የጽጌረዳ ውሃ ካላችሁም በእሱ።

ስትፈጩ አብሩ፣ አጥፉ፣ ደግማችሁ አብሩ። «ብዙ በተፈጨ ቁጥር ይለሰልሳል» ብላ ያመነች አንዲት ደንበኛዬ ብሌንደሩን ለቀቀችው። አልሞንዱ ሞቀ፤ ዘይቱን ተፋ። እሷም ስኳር ጨመረች። ደግማ ጨመረች። ያመጣችልኝ ነገር ዘይት የጠጣ ስኳር ነበር።

ኦቾሎኒ ተፈጭቶስ? ይጣፍጣል፤ ማርዚፓን ግን አይደለም።

ኬክ የሚሸፈንበት ሌላው ሊጥ፣ ፎንዳንትም ማርዚፓን አይደለም። በአብዛኛው ስኳር ነው። ብዙ ጊዜ ጀላቲን አለበት፤ ጀላቲን ደግሞ ከእንስሳ ነው፣ ከአሳማም ይሠራል። በአንድ ምረቃ ላይ ጾመኛም ሐላል ጠያቂም በሚገናኝበት በእኛ ወሎ፣ መመርመር ያለበትስ ፎንዳንቱ ነበር።

ማርዚፓኑን ስኳር በውሃ አፍልታችሁ በሽሮፕ የምትሠሩ፣ የአሠራር መመሪያው ሽሮፑን «118 ዲግሪ ሴልሺየስ» አድርሱ የሚለውን እንዳለ አትውሰዱ። እሱ ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እንኳ 92 አካባቢ ይፈላል። ወደ 110 ሲጠጋ አውርዱት፤ አለዚያ ይደርቅባችኋል።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ታስቆጣኛለች። «አልሞንድ ውድ ነው፤ የኮክ ፍሬ ሰብረን ውስጡን ብንፈጨውስ?» ሽታው እውነትም ይመሳሰላል። አውሮፓም ፐርሲፓን የሚባል፣ ከኮክና ከአፕሪኮት ፍሬ የሚሠራ አለ። ግን ፋብሪካው መራራውን አውጥቶ ነው። መራራው ፍሬ ውስጥ ያለው አሚግዳሊን የሚባል ንጥረ ነገር ሆድ ሲገባ ሳያናይድ ያወጣል። መርዝ ነው! ብር ካጠራችሁ ትንሽ ሥሩ። ኬኩ ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም፤ ላዩ ላይ ሁለት ሦስት አበባ ይበቃል።