«ታዳሽ ኃይል የፈረንጅ ጉዳይ ነው» እና ሌሎች ስንሰማቸው የኖርናቸው ስህተቶች

ስለ ፀሐይና ንፋስ ኃይል ወሬ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ «ይሄ ከመጣ ችግራችን ሁሉ አለቀ» ባይ ነው። ሌላው «የፈረንጅ ፋሽን ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብሎ ይዘጋዋል። በመሀል ያለው ጥያቄ ይዘለላል፦ ዓለም ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ሲወጣ ጥቅሙ ማን ኪስ ይገባል? ጣጣውስ ማን ላይ ይወድቃል? ፍትሐዊ ሽግግር የሚባለው ይኼው ነው። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች አብዛኞቹ ግማሽ እውነት አላቸው። አስቸጋሪ የሚያደርጋቸውም ይሄ ነው።

«እኛ ግድብ አለን፤ እኛ ጋ ነገሩ አልቋል»

መሠረት ያለው ኩራት ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከውኃና ከንፋስ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚህ በኩል ብዙ ሀብታም አገሮች አይደርሱብንም።

ግን መብራት ሌላ፣ ኃይል ሌላ። አገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል አብዛኛው ዛሬም የሚገኘው ከማገዶ፣ ከከሰልና ከኩበት ነው። የሕዝቡ ግማሽ ገደማ ደግሞ ገና መብራት አልገባለትም። ሳሎን ሆነን ስናየው ያለቀ የሚመስለው ነገር፣ ማድ ቤት ስንገባ ብዙ ቦታ ገና አልተጀመረም።

ምጣዱን እንየው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በዚያ ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖል ከ300 በላይ ማብራት ይቻላል። ስለዚህ ገጠር የሚሸጠው ትንሹ ሶላር አምፖል ያበራል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ራዲዮ ያስከፍታል፤ እንጀራ ግን አይጋግርም። ከተማም ቢሆን የበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ምን እንደሚፈጠር እናውቃለን። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ መብራቱ ድርግም ይላል። ቤት ውስጥ ከሰልና ማገዶ የማይጠፋው እናቶች ኤሌክትሪክ ጠልተው አይደለም። መተማመኛ ስለሌላቸው ነው።

ትልቁ ጥቅም የተደበቀውም እዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሰጠው ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ጭሱን የሚምገው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የምትጋግረዋና የታዘለው ሕፃን። እንጦጦ ዳገት ላይ ቁመታቸውን የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎብጠው ቁልቁል የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያ ሸክም በየትኛውም የመብራት ቆጣሪ ላይ አይመዘገብም። አስተማማኝ መብራት ወይም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እነሱ ቤት ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚተርፈው ጊዜና ወገብ ነው። ለኔ ሽግግሩ ደረሰ የሚባለው ያኔ ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ አይደለም።

«ውድ ነው፣ አቅማችን አይፈቅድም»

ከ15 ዓመት በፊት ቢሆን አልከራከርም ነበር። አሁን ዋጋው ተገልብጧል። የዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ እንዳሰላው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ከጀመሩት ትልልቅ የታዳሽ ኃይል ጣቢያዎች 91 በመቶው፣ በነዳጅ ወይም በድንጋይ ከሰል ከሚሠራው ርካሹ አዲስ አማራጭ ባነሰ ዋጋ ያመነጫሉ።

ታዲያ ለምን እኛ ጋ ይወደዳል? የሚወደደው ፓነሉ ሳይሆን ብሩ ነው። የናፍጣ ጄኔሬተር ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ይበላል። ሶላር ግን ወጪው በአብዛኛው መጀመሪያ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሁሉንም የሚወስነው ወለድ ነው። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ ማግኘት ከሀብታሞቹ አገሮች ቢያንስ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይወደዳል። ፀሐይ የጠገበ አገር ከጀርመን በባሰ ወለድ ሶላር ይተክላል! ለንጹሕ ኃይል በዓለም ላይ ከሚፈሰው መዋዕለ ንዋይም አፍሪካ የሚደርሳት 2 በመቶ ገደማ ነው።

ሕዳሴን በቦንድ የሠራነው ለምን እንደሆነ እዚህ ጋ ይገባል። አበዳሪ ሲጠፋ የመንግሥት ሠራተኛው ከደሞዙ አስቆረጠ፣ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራውም ቦንድ ገዛች። የሚያኮራ ነው። ግን ድሃው ከደሞዙ መቁረጡ የተለመደ አሠራር መሆን አለበት ወይ? እኔ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። ፓነሉ በዶላር ይገዛል፤ ፀሐይዋ ግን አትገዛም። ናፍጣና ቤንዚን የማያቋርጥ የዶላር ጥያቄ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል መንግሥት የጠቀሰው ዋና ምክንያት ይሄው የውጭ ምንዛሪ ነበር። (ክፍለ ሀገር በኤሌክትሪክ መኪና የሚሄድ ሰው አሁንም የት ቻርጅ እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይጠይቅ።)

«ሥራ ያጠፋል»

የአንዳንዱን ሰው አዎ፣ ያጠፋል። ደቡብ አፍሪካ ምፑማላንጋ ውስጥ ኮማቲ የሚባል በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ማመንጨት ጀምሮ በጥቅምት 2022 ተዘጋ። ቦታውን ወደ ሶላር፣ ንፋስና ባትሪ ለመቀየር፣ ሠራተኛውንም ለማሠልጠን የዓለም ባንክ 497 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ። ነዋሪው የሚያማርረው ግን ጣቢያው ቀድሞ ተዘግቶ ምትኩ ሥራ ወደኋላ መቅረቱን ነው። ቅሬታው ልክ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 ከድንጋይ ከሰል የመውጫ ሕግ ስታወጣ እስከ 2038 ጊዜ ሰጥታ፣ ለማዕድን አካባቢዎቹ እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ መድባ ነው። ልዩነቱ የቴክኖሎጂ አይደለም።

በድምር ሲታይ የሚፈጠረው ሥራ ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዘርፉ 16.2 ሚሊዮን ሰው ይሠራ ነበር። ግማሽ የሚጠጋው ግን ቻይና ውስጥ ነው። ፓነሉን ከውጭ ብቻ የሚያስገባ አገር የሚደርሰው የመግጠምና የመጠገን ሥራ ነው። እሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

«ንጹሕ ከሆነ ፍትሐዊ ነው»

ይሄንን የሚሉት ደግሞ ደጋፊዎቹ ናቸው። ሰሜን ኬንያ፣ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 የንፋስ ማመንጫዎች ቆመዋል፤ አቅማቸው 310 ሜጋዋት ነው። አንድም ጠብታ ነዳጅ አይነድም። መሬቱ ግን የአርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። ነዋሪዎች ከስሰው እ.ኤ.አ. በ2021 የሜሩ ፍርድ ቤት የመሬቱ ባለቤትነት ሰነድ ሕጉን ሳይከተል የተሰጠ መሆኑን ወሰነ። ዴሞክራቲክ ኮንጎም ብንሄድ ለባትሪ የሚሆነው ኮባልት የሚባል ማዕድን አብዛኛው የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ኮልዌዚ አካባቢ ሕፃናት ሳይቀሩ በእጃቸው ይቆፍራሉ።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ ዴንማርክ ውስጥ ኮፐንሃገን ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 20 የንፋስ ማመንጫዎች ይሽከረከራሉ። ግማሹ ከ8,000 በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ነው። መስኮቱን ከፍቶ የሚያያቸው ሰው ትርፉን ይካፈላል።

«ደመና ካለ ሶላር አይሠራም»

ይቀንሳል እንጂ ይሠራል። ለምሽቱ ባትሪ አለ፤ ለአገር ደግሞ ውኃውን፣ ንፋሱንና ፀሐዩን ማቀናጀት ነው።

«ዓለምን ያበላሹት እነሱ ናቸው፤ እኛ ምን አገባን»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ከዓለም የካርቦን ልቀት የአፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ አይሞላም። ሀብታሞቹ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ለድሃ አገሮች «እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን» ብለው የሞሉት በ2022 ነው፤ ከመንግሥታቱ በኩል የመጣው አብዛኛው ደግሞ ብድር ነው። ያበላሸ ይክፈል ማለት ልመና አይደለም።

ሁለተኛው ግማሽ ግን አይከተልም። ጭሱ የሚገባው እኛ ሳንባ ውስጥ ነው፣ ዶላሩም የሚወጣው ከኛ ካዝና ነው። ደግሞም ክርክሩ ወደ ደጃችን እየመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደው 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ነው። እንግዶቹ ሕዳሴን ይጎበኙ ይሆናል። እኔ ብጠየቅ ግን እንጦጦም አወጣቸዋለሁ፤ ወለዱን የምናወራው እዚያ ቆመን ቢሆን ደስ ይለኛል።