ኤክሴል ምንድን ነው? የልጆች ጂምናስቲክ ሁለቱ የውድድር መስመሮች በአሜሪካ

ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ ከምትሠለጥንበት ጂም ደብዳቤ ደረሰኝ። «ልጅዎ ለኤክሴል ብሮንዝ ቡድን ተመርጣለች፤ ምላሽዎን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያሳውቁን» ይላል። አብራት የጀመረችው ጓደኛዋ ደግሞ «ሦስተኛ ደረጃ» ተብላ ነበር። ሁለታችን እናቶች መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ወረቀታችንን አስተያየን። ብሮንዝ ማለት ሦስተኛ የወጣች ማለት ነው? ልጄ ከጓደኛዋ አንሳ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? አሰልጣኟ ሌላ ክፍል ይዛ ስለነበር የሚያስረዳን አላገኘንም፤ ሁለታችንም ግራ እንደተጋባን ወደየቤታችን ሄድን። ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ የምወደውን ነው ዛሬ የምጽፈው።

ኤክሴል ዩኤስኤ ጂምናስቲክስ የተባለው የአሜሪካ ጂምናስቲክ ማኅበር ለሴት ልጆች ካዘጋጃቸው ሁለት የውድድር መስመሮች አንዱ ነው። ሌላኛው የዲቨሎፕመንት ፕሮግራም ይባላል። ቀድሞ ስሙ ጁኒየር ኦሊምፒክ ስለነበር ነባር አሰልጣኞች እስካሁን «ጄኦ» ሲሉት ትሰማላችሁ። ዲቨሎፕመንት ከ1 እስከ 10 የሚቆጠሩ ደረጃዎች አሉት። ኤክሴል በቁጥር ፋንታ ስም ይጠቀማል፦ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም፣ ዳይመንድ፣ ሳፋየር። ስሞቹ ከሜዳሊያ ጋር ስለሚመሳሰሉ ያሳስታሉ እንጂ የውጤት ስሞች አይደሉም። ብሮንዝ ክፍል ውስጥ ያለች ልጅ በውድድሯ ቀን ወርቅ አጥልቃ ልትመለስ ትችላለች። በሁለቱም መስመር መሣሪያዎቹ አራት ናቸው፦ ሮጠው የሚዘሉበት ቮልት፣ የሚወዛወዙባቸው ከፍና ዝቅ ያሉ ሁለት ዘንጎች ማለትም ባር፣ ላዩ ላይ የሚሄዱበት ጠባብ አግድም ምሰሶ ቢምና ምንጣፍ ላይ በሙዚቃ የሚሠራበት ፍሎር። እያንዳንዱ ከ10 ይታረማል፤ ድምሩ ከ40 ነው። ወንዶች ልጆች ስድስት መሣሪያና የራሳቸው መሰላል ስላላቸው የእነሱን እዚህ አላነሳም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ልጅቷ ከምታቀርበው ትርኢት ነው። በዲቨሎፕመንት ከ1 እስከ 5 ያሉት የግዴታ ደረጃዎች ናቸው። ትርኢቱን የሚያወጣው ማኅበሩ ራሱ ነው፤ አላስካ ያለችው የአራተኛ ደረጃ ልጅና ፍሎሪዳ ያለችው ቢም ላይ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ነው፣ እስከ እጅ አቀማመጡ ድረስ። የፍሎር ሙዚቃውም ከማኅበሩ የመጣ ነው። አሁን የሚሠራባቸው ትርኢቶች በ2021 የወጡ ናቸው። ዳኛዋ ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ ትርኢት ደጋግማ ስለምታይ ትንሿ ስሕተት ሳትቀር ትታያታለች። ጉልበት ትንሽ ከታጠፈ፣ የእግር ጣት ካልተወጠረ፣ ክንድ ካለቦታው ካረፈ 0.05 ወይም 0.1 ይቀነሳል። ከቢም መውደቅ 0.5 ያስቀንሳል። ከ6ኛ እስከ 10ኛ ያሉት ደግሞ የምርጫ ደረጃዎች ናቸው። እዚያ መሟላት ያለባቸው መስፈርቶች ይሰጣሉ፣ ትርኢቱን ግን አሰልጣኝና ልጅ ተመካክረው ያዘጋጁታል።

ኤክሴል ያንን ምርጫ ከመጀመሪያው ቀን ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ክፍል አነስተኛ መስፈርቶች አሉ፤ ለምሳሌ ቢም ላይ ዝላይ ይኑር፣ መዞር ይኑር ይባላል። የትኛው ዝላይ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል የሚለው ግን ለአሰልጣኟ የተተወ ነው። ጀርባዋ በደንብ የሚተጣጠፍ ልጅ ያ የሚታይበት ትርኢት ይሠራላታል፤ እግሯ ጠንካራ የሆነ ደግሞ ዝላይ ይበዛላታል። ሙዚቃዋንም ግጥም የሌለበት እስከሆነ ድረስ ራሷ ትመርጣለች። የስድስት ዓመት ልጅ «የእኔ ሙዚቃ» ስትል ድምፅዋ ምን እንደሚመስል ያልሰማ ሰው ይህን ቀላል ነገር ሊለው ይችላል።

ልዩነቱን በአንድ እንቅስቃሴ ላሳያችሁ። ባር ላይ ኪፕ የሚባል ነገር አለ። ልጅቷ ዝቅተኛውን ባር ይዛ ሰውነቷን ወደፊት ታወዛውዛለች፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከዳሌዋ ታጥፋ ቁርጭምጭሚቷን ወደ ባሩ ታመጣለች፣ ከዚያ ወደኋላ ስትመለስ ባሩን ልክ ሱሪ እንደምትለብስ ሁሉ በእግሮቿ ላይ ወደ ዳሌዋ ትስበዋለች፤ ሲሳካላት ክንዷን ዘርግታ ከባሩ በላይ ተደግፋ ትገኛለች። ስታዩት ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ለመማር ግን ወራት ይወስዳል፤ አንዳንዷ ከዓመት በላይ ትቆይበታለች። መዳፍ ይላጣል፣ ጂም ሳይሆን ቤት ገብታ እጇን ስትታጠብ ነው የምታለቅሰው። በዲቨሎፕመንት አራተኛ ደረጃ ላይ ኪፕ ግዴታ ነው። ሌላው ሁሉ ቢያምርላትም ኪፑ ካልመጣ ባሩ ላይ ነጥቧ ይወርዳል፣ ብዙ ጂም ውስጥ ደግሞ ያው ደረጃ ላይ ዓመት ትደግማለች። ኤክሴል ሲልቨር ላይ ኪፕ አይጠየቅም። ያቺው ልጅ ባሩን የምትችለውን ሠርታ፣ በቢምና በፍሎር ጎበዝነቷን እያሳየች ትወዳደራለች፤ ኪፑን ጎን ለጎን ትለማመዳለች።

ታዲያ የግዴታው መስመር ለምን ኖረ? ለሚታገሡት ልጆች ትልቅ ጥቅም ስላለው ነው። ከ1 እስከ 5 ያሉት ትርኢቶች እርስ በእርስ የተያያዙ ናቸው፤ ሁለተኛ ላይ የተማረችው የሰውነት አያያዝ አራተኛ ላይ ይፈለጋል፣ የአራተኛው ኪፕ ደግሞ ከዚያ በላይ ላለው የባር ሥራ ሁሉ መግቢያ በር ነው። አሥሬ መድገም የሚያስደስታት፣ ትንሽ ስትታረም ፊቷ የሚበራ ልጅ አለች። እንዲህ ያለችዋ ልጅ የግዴታውን ትርኢት እንደ እንቆቅልሽ ነው የምትይዘው፤ 8.9 የነበረው 9.1 ሲሆን ምክንያቱን ታውቃለች። ይህን የሚወድ ልጅ ያላችሁ እንደሆነ ኤክሴል ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ልጅቷን ማሳነስ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ልዩነት ግን ሰዓት ነው፤ ወላጅም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ይመስለኛል። ሰዓቱን የሚወስነው እያንዳንዱ ጂም ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአብዛኛው ግን ጀማሪ የኤክሴል ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ገደማ ይሠራሉ፤ የዲቨሎፕመንት ልጆች ከሦስተኛና ከአራተኛ ደረጃ ጀምሮ ሦስትና አራት ቀን ይገባሉ፣ ላይኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ጂም ውስጥ ማሳለፍ የተለመደ ነው። ይህ ማለት እራት መኪና ውስጥ ይበላል ማለት ነው። የቤት ሥራ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሌላው ልጅ ታናሽም ሆነ ታላቅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እህቱን ሲጠብቅ ያድጋል። ለእኛ ቤት ውሳኔውን ያቀለለልን ይህ ነበር፤ በሥራ ሰዓታችን አራት ቀን ማመላለስ አንችልም ነበር።

መስመሮቹ የት ያደርሳሉ የሚለውንም በግልጽ መናገር ይሻላል። ከዲቨሎፕመንት 10ኛ ደረጃ በላይ ያለው ኢሊት የሚባለው ነው፤ ለብሔራዊ ቡድንና ለኦሊምፒክ የሚታጩት ከዚያ ነው። ለኮሌጅ ቡድን የሚመረጡትም በአብዛኛው 10ኛ ደረጃ የደረሱ ልጆች ናቸው፤ የሴቶች ጂምናስቲክ ቡድን ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በመላ አገሪቱ ከ100 ያነሱ ናቸው። ኤክሴል በራሱ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ አይደለም። ይህን ሰምተው ብዙ ወላጆች ዲቨሎፕመንትን የሚመርጡት «በሩን ላለመዝጋት» ብለው ነው። ሐሳባቸው ይገባኛል። ግን የስድስት ዓመት ልጅ ላይ የሚታየው ተሰጥኦ አሥር ዓመት ቆይቶ የሚሆነውን አይናገርም። ከጀመሩት መካከል 10ኛ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው፤ የሚቀሩትም ስላልቻሉ ብቻ አይደለም። ቁመት ይጨምራል፣ ጉዳት ይመጣል፣ ሌላ የሚወዱት ነገር ያገኛሉ፣ ወይም ይደክማቸዋል።

ለመቸኮል የሚገፋን አንድ የቆየ ሥዕል አለ። የሩማኒያዋ ጂምናስቲከኛ ናዲያ ኮማነቺ በ1976 ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ላይ ፍጹም 10 ስታገኝ 14 ዓመቷ ነበር፤ የነጥብ ሰሌዳው 10.00 ለማሳየት ስላልተሠራ 1.00 ብሎ ነበር ያወጣው። ከዚያ ወዲህ ጂምናስቲክ የሕፃናት ነገር ነው፣ በ14 ካልደረስሽ አለቀልሽ የሚል እምነት ሥር ሰደደ። ደንቡ ግን ተለውጧል። ከ1997 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የአዋቂ ሴቶች ውድድር ለመግባት ልጅቷ በዚያ ዓመት 16 የሚሞላት መሆን አለባት። ጂምናስቲከኛዋ ኦክሳና ቹሶቪቲና በ1992 ባርሴሎና የጀመረችው የኦሊምፒክ ጉዞ በ2021 እስከተካሄደው የቶኪዮ ውድድር ቀጥሏል፤ ስምንተኛ ኦሊምፒኳ ነበር፣ ዕድሜዋም 46። ሁሉ ሰው እንደ እሷ ይሆናል አልልም። ስድስት ዓመት ላይ የሚያመልጥ ባቡር እንደሌለ ለማሳየት ግን ይበቃል።

የልጅ አጥንት ጉዳይም አለ። ልጆች አጥንታቸው ጫፍ ላይ ገና ያልጠነከረ፣ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አላቸው። ጂምናስቲክ ላይ እጅ የእግርን ሥራ ስለሚሠራ ክብደቱ ሁሉ የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል፤ ሰዓቱ ሲበዛ ያ ክፍል ይጎዳል። ልጃችሁ የእጅ አንጓዋን ደጋግማ ከያዘች፣ በተለይ ቁመቷ በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ፣ «ትለምደዋለች» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሐኪም ይየው። በየትኛውም መስመር ብትሆን ሕመም ሲናገሩ የሚሰማ አሰልጣኝ ከደረጃ ቁጥር በላይ ዋጋ አለው።

ጂሙን ስትጎበኙ ልምምዱን በዓይናችሁ ማየት እንደምትችሉ ጠይቁ። በዚህች አገር ጂምናስቲክ ውስጥ በልጆች ላይ የደረሰው በደል ከታወቀ በኋላ፣ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ሲሆን ሌላ ሰው ሊያየውና ሊያቋርጠው በሚችልበት ቦታ መሆን አለበት የሚል ደንብ ወጥቷል። ወላጅ እንዳያይ መስኮቱን የሸፈነ ጂም መስመሩ ምንም ይሁን ምን አልመርጠውም። ሌላው የምጠይቀው ሁለቱንም መስመር የሚያሠለጥኑት እነማን እንደሆኑ ነው። አንዳንድ ቦታ ልምድ ያላቸው አሰልጣኞች ሁሉ ለዲቨሎፕመንት ተሰጥተው ኤክሴል ለጀማሪዎች ይተዋል፤ እዚያ ያለች ልጅ የተሰጣት የተረፈው ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ኤክሴሉ በፍቅር የተያዘ ነው፣ ልጆቹን ስታዩዋቸው ታውቃላችሁ፤ ሲወድቁ መጀመሪያ የሚያዩት የአሰልጣኟን ፊት ነው፣ ያንን ፊት እናንተም እዩት።

ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል፣ በየዓመቱም የሚሻገሩ አሉ። ከዲቨሎፕመንት ወደ ኤክሴል የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ትምህርት የከበዳቸው ወይም ሌላ ስፖርት መሞከር የፈለጉ ናቸው። ከኤክሴል ወደ ዲቨሎፕመንት መሄድ የሚከብደው የግዴታ ትርኢቶቹ የሚጠይቁት ነገር ስላለ ነው፣ ኪፕን የመሰለ። ስለዚህ ልጅቷ አንድ ቀን ልትሻገር ትችላለች ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ኤክሴል ላይ እያለች እነዚያን እንቅስቃሴዎች ትለማመዳለች ወይ ብላችሁ አሰልጣኟን ጠይቁ።

ልጄ ኪፑን ያገኘችው ሁለተኛ ዓመቷ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ማታ ነው። አሰልጣኟ ጠርታኝ ወደ አራተኛ ደረጃ ብትዛወር ምን ይመስልሻል አለችኝ። መኪና ውስጥ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ሙዚቃዬስ?» አለች። እዚያ ሙዚቃው የተወሰነ መሆኑን ነገርኳት። ዘንድሮ ኤክሴል ጎልድ ላይ ናት።