ራሽ አወርና ሊቆይ የሚችል ጉዞ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ስለ ትራፊክ አስተማሪ አያሻውም። ከተማዋን የሚዞረው ቤልትዌይ፣ ማለትም ሀይዌይ 495፣ መቼ ቀጥ እንደሚል አሳምሮ ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን መንገዱን የሞላው ሁሉ የሥራ ተመላላሽ አለመሆኑን ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሀይዌይ አስተዳደር እንደሚለው፣ በከተማ ሀይዌይ ላይ በራሽ አወር፣ ማለትም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ከሚነዱት አብዛኞቹ ወደ ሥራ ወይም ከሥራ የሚሄዱ አይደሉም። አንዱ ጂም ይሄዳል፣ ሌላው የገዛውን ዕቃ ሊመልስ። እኔ ራሴ ስንቴ እንጀራ ልገዛ ወደ ፎልስ ቸርች ከንፌያለሁ፣ ሱቁ እስከ ማታ ክፍት ሆኖ ሳለ!

ታዲያ ጥቂት መኪና ቢቀር ምን ይለወጣል? ብዙ። አንድ የሀይዌይ መስመር በሰዓት ወደ 2,000 መኪና ያሳልፋል፤ በየ2 ሰከንዱ ገደማ አንድ ማለት ነው። እዚህ ከደረሰ ክፍተት የለም። አንዱ ከመግቢያው ተሽሎክሉኮ ሲገባ የኋላው ፍሬን ይይዛል፣ ከእሱ ኋላ ያለው ትንሽ ጠንከር አድርጎ ይይዛል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ግማሽ ማይል ርቆ ያለው ለምን እንደሆነ እንኳ ሳያይ ይቆማል። የባሰው ደግሞ፣ መንገዱ አንዴ ከታነቀ በሰዓት የሚያሳልፈው መኪናም ይቀንሳል። ስለዚህ ከ100 መኪና 5 ያህሉ ቢቀሩ እንኳ የቆመው ሊፈስ ይችላል። ኦገስት ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ኮንግረስም እረፍት ሲወጣ መንገዱ ቀለል የሚለው ከተማው ባዶ ሆኖ ሳይሆን ጥቂት መኪና ስለቀረ ነው።

ችግሩ፣ ቀለል ሲል ሌላው «ዛሬማ ክፍት ነው» ብሎ ይወጣል። የመንገድ ክፍያ የመጣው ለዚህ ነው። ሀይዌይ 66 ላይ፣ ከቤልትዌይ ወደ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ብቻውን የሚነዳ በራሽ አወር ይከፍላል። ዋጋው እንደ መኪናው ብዛት ይወጣል፣ ይወርዳል። በመጀመሪያው ሳምንት 40 ዶላር ሲደርስ አገር ተንጫጫ። የስዊድኗ ስቶክሆልም ደግሞ በ2006 ለ7 ወር የመንገድ ክፍያን ሞክራ መሃል ከተማ የሚገባና የሚወጣው መኪና በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በ2007 ቋሚ ሆነ።

ክፍያው ሁሉንም እኩል አይነካም። የሽፍት ሠራተኛ ሰዓት አትመርጥም። እንጀራ ገዢው ግን ይመርጣል። እኔ አሁን በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው የምወጣው፤ አንዳንድ ቀን እንጀራው አልቆ ይጠብቀኛል እንጂ መንገዱስ ክፍት ነው።