«ዘንድሮ የኛ ነው»፦ ሊጉ ሳይጀመር ያለው የደጋፊ ተስፋ

ሊጉ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ሁሉም ክለብ ዜሮ ነጥብ አለው። አምና ዋንጫ ያነሳውም፣ ላለመውረድ እስከ መጨረሻው ቀን ሲታገል የነበረውም እኩል ናቸው። የደጋፊ ተስፋ የሚነሳው ከዚህ ነው። «ዘንድሮ የኛ ነው» የማይባልበት የእግር ኳስ አገር የለም።

በብዙዎቹ የአውሮፓ ሊጎች ውድድሩ ግንቦት ላይ ያልቅና ነሐሴ ላይ እንደገና ይጀምራል። በመሀል ኳስ የለም፤ ወሬ ግን አለ። የዝውውር መስኮቱ ይከፈታል። አዲሱ ፈራሚ ማሊያውን ይዞ ፎቶ ሲነሳ ደጋፊው ገና ሜዳ ላይ ሳያየው ይወደዋል። ያገባቸውን ጎሎች ቪዲዮ ደጋግሞ ያያል። የሳታቸው ቪዲዮው ውስጥ የሉም። አምናን በጉዳት ያሳለፈው አማካይ ልምምድ ከጀመረ ደግሞ «እንደ አዲስ ፈራሚ ቁጠሩት» ይባላል። አሰልጣኝ ከተቀየረማ ተስፋው እጥፍ ነው፤ ያለፈው ጥፋት ሁሉ ከቀድሞው ጋር አብሮ የሄደ ይመስላል።

ከዚያ የጨዋታ መርሐ ግብሩ ይወጣል። ለእኔ የክረምቱ ምርጥ ቀን ይሄ ነው። ደጋፊው እርሳስ ይዞ ይቀመጣል። ይሄ በሜዳችን ነው፣ ሦስት ነጥብ። ይሄ ከባድ ነው፣ አቻ ይበቃናል። ይሄ ያደገ ቡድን ነው፣ ሦስት ነጥብ። 20 ክለብ ባለበት ሊግ 38 ጨዋታ አለ፤ ሁሉንም ያሸነፈ 114 ነጥብ ያገኛል። ደጋፊው ሲደምር 80 ምናምን ይመጣለታል። ዋንጫ የሚያስበላ ነጥብ ነው። ያንኑ ጨዋታ ግን የተጋጣሚው ደጋፊም ሦስት ነጥብ ብሎ ይዞታል።

የወዳጅነት ጨዋታዎች ሌላው የተስፋ ምንጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት ማንቸስተር ዩናይትድ በአዲሱ አሰልጣኝ በሉዊ ቫን ኻል እየተመራ አሜሪካ ሄደ። ኤል ኤ ጋላክሲን 7 ለ 0፣ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1፣ ሊቨርፑልንም 3 ለ 1 አሸነፈ። የማድሪዱን ጨዋታ ከ109,000 በላይ ሰው ስታዲየም ገብቶ አይቶታል። ሊጉ ሲጀመር ዩናይትድ በገዛ ሜዳው በስዋንሲ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ዓመቱን የጨረሰው አራተኛ ሆኖ ነው። በወዳጅነት ጨዋታ አሰልጣኞች የሚፈልጉት የተጫዋቾቹን ብቃት መለካት ነው፤ ደጋፊ ግን ውጤቱን ያያል።

ይህ ተስፋ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካን ፉትቦል ደጋፊዎችን ለ17 ሳምንት ተከታትሏል። የጨዋታዎቹን ውጤት በትክክል ለገመተ ገንዘብ ይከፈል ነበር፤ ውጤቱም ይነገራቸው ነበር። ያም ሆኖ የራሳቸውን ቡድን በተመለከተ የሰጡት ግምት እስከ መጨረሻው ከልክ በላይ ብሩህ ነበር። ይሄን አለማወቅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ደጋፊው ቁጥሩን ያውቃል። ቡድኑን የሚወደው ግን በቁጥር ተመርቶ አይደለም።

ደግሞም አንዳንዴ ይሳካል። ካይዘርስላውተርን እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ጀርመን ከፍተኛ ሊግ ወደ ቡንደስሊጋ ባደገበት ዓመት መጀመሪያ ሙኒክ ሄዶ ባየርንን 1 ለ 0 አሸነፈ። በ1998 ዋንጫውን በላ። ሌስተር ሲቲ በ2015 ከመውረድ የተረፈው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ክረምቱ ላይ አወራራጆች ሻምፒዮን የመሆን ዕድሉን 5,000 ለ 1 አሉት። በክላውዲዮ ራኒየሪ እየተመራ በ81 ነጥብ ዋንጫ አነሳ፤ ሁለተኛው አርሰናል በ10 ነጥብ ርቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ሌስተርስ?» ለሚል ደጋፊ መልስ መስጠት ከባድ ነው።

ተስፋ ማለት ግን ሁሌ ዋንጫ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በሚወርዱበት የ20 ክለብ ሊግ፣ ላደገ ክለብ 17ኛ ሆኖ መጨረስ እንደ ዋንጫ ነው። ቀላልም አይደለም፤ በ2023/24 እና በ2024/25 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደጉት ሦስት ሦስት ክለቦች በሙሉ ዓመት ሳይቆዩ ወርደዋል። የመክፈቻውን ጨዋታ የተሸነፈ ደጋፊ «ገና 37 ጨዋታ አለ» ይላል። እውነቱን ነው።

ከሁሉ የሚገርሙኝ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ናቸው። ከ1990 እስከ 2020 ድረስ ሊጉን ሳይበሉ ቆዩ። 30 ክረምት ሙሉ ተስፋ አደረጉ። በመሀል በ2014 እጃቸው ገባ ሲባል አመለጣቸው፤ በ2019 በ97 ነጥብ ሁለተኛ ሆኑ። በ2020 ዋንጫው አንፊልድ ላይ ሲነሳ በኮቪድ ምክንያት ደጋፊ አልገባም ነበር፤ የጠበቁት ሁሉ ከቤታቸው አዩት። ቀጣዩ ሊግ የተጀመረው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው።