የጃፓን አኒሜ፦ አሠራሩ፣ ትምህርቱና ገበያው

አኒሜ ጃፓን ውስጥ የሚሠራ የአኒሜሽን ፊልምና ተከታታይ ድራማ ነው። ኮምፒዩተር የሚያመርተው የሚመስለው ተመልካች ብዙ ነው። ነገር ግን ዛሬም አብዛኛው እንቅስቃሴ አንድ በአንድ በእጅ ይሳላል፤ በወረቀትም ይሁን በታብሌት። ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹን የሚስሉት ገና ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ስለ አኒሜ ሲወራ ስማቸው እምብዛም አይነሳም። እኔ ግን የኢንዱስትሪውን ጤንነት የምለካው በእነሱ ነው።

ታሪኩ በ1917 ይጀምራል (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያ ዓመት ሺሞካዋ ኦተን፣ ኮዉቺ ጁንኢቺና ኪታያማ ሴይታሮ የተባሉ ሦስት ሰዎች፣ በየፊናቸው የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች ለሲኒማ አበቁ። ትልቅ ስቱዲዮ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1956 ቶኤይ ዶጋ ቶኪዮ ውስጥ ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላም የአገሪቱን የመጀመሪያ ባለቀለም ረጅም የአኒሜሽን ፊልም አወጣ። በኋላ ስቱዲዮ ጂብሊን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሚያዛኪ ሃያኦ በ1963 ቶኤይ ሲቀጠር፣ የያዘው ቦታ የመጨረሻው ዝቅተኛ እርከን ነበር።

በዚያው ዓመት በጥር 1 ቀን አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። የማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) ደራሲው ቴዙካ ኦሳሙ በራሱ ስቱዲዮ የሠራው፣ ስለ አንድ ሮቦት ልጅ የሚተርክ ተከታታይ በቴሌቪዥን ጀመረ። በየሳምንቱ የግማሽ ሰዓት ክፍል ማድረስ ነበረበት። በሲኒማው ወግ ከተሳለ ጨርሶ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ሥዕል ቆጠበ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። እሱ አንዱን ሥዕል ለሦስት ፍሬም አቆየው፤ ስለዚህ በሰከንድ ስምንት ሥዕል በቃው። ገጸ ባሕርይው ሲናገር አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንዴ የተሳለው ሩጫ ለሌላ ክፍልም ይውላል። ከዚህ ቁጠባ ነው የአኒሜ መልክ የተወለደው፦ ረጋ ያለው ምስል፣ የሚናገሩት ዓይኖች፣ ድንገት የሚፈነዳው እንቅስቃሴ።

ቴዙካ ሥራውን ለጣቢያው የሸጠው ግን ከወጪው በታች ነበር። ጉድለቱን በአሻንጉሊትና በሌሎች ሸቀጦች የምስል መብት ሊሸፍን አሰበ። ዛሬም ብዙ የሙያው ሰዎች ለሠዓሊዎቹ ዝቅተኛ ክፍያ ሥሩ ይህ ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት አንድን ሰው ብቻ መውቀስ አይበቃም። ከእሱ በኋላ የመጡት ስድሳ ዓመት ሙሉ ዋጋውን ማስተካከል ይችሉ ነበር።

አሠራሩን እንይ። ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ ስቶሪቦርድ ያዘጋጃል። ጃፓኖች ኤኮንቴ ይሉታል። እዚያ ላይ የእያንዳንዱ ትዕይንት ምስል፣ ንግግርና ርዝመት በሰከንድ ተጽፏል። ቀጥሎ የቁልፍ ሥዕል ባለሙያ ይመጣል። አንድ ሰው ከወንበር የሚነሳ ከሆነ፣ የተቀመጠበትን፣ ጎንበስ ያለበትንና የቆመበትን ይስላል። ይህ ጌንጋ ይባላል። የሥዕል ተቆጣጣሪው ደግሞ ፊቱ ከክፍል ክፍል እንዳይለያይ ያርማል። ከዚያ ዶጋ የሚባለው የመሃል ሥዕል ይከተላል። ዶጋ ሠሪው የቁልፍ ሥዕሎቹን መስመር ንጹሕ አድርጎ ይገለብጣል፣ በመካከላቸው ያለውን እንቅስቃሴም ይሞላል። በወረቀት የሚሠራው ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለአንድ የቴሌቪዥን ክፍል ከ3,000 በላይ ሥዕል ማስፈለጉ የተለመደ ነው። ቀለም፣ የጀርባ ሥዕልና ምስሉን ማቀናበር ከዚያ በኋላ ነው። የተዋንያን ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ሥዕሉን እያዩ ነው።

ትምህርቱ የሚገኘው በዋናነት እዚሁ የዶጋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የለም ማለቴ አይደለም። ዮዮጊ የአኒሜሽን ትምህርት ቤት ከ1978 ጀምሮ ያስተምራል። ኪዮቶ ሴይካ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የማንጋ ፋኩልቲ ከፈተ። (ይህ ዩኒቨርሲቲ በ2018 ኡሱቢ ሳኮ የተባሉ ማሊ የተወለዱ ምሁር ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾሟል። ለእኛ ለአፍሪካውያን መታወስ ያለበት ነገር ነው።) ሆኖም ከየትም ይመረቅ፣ ጀማሪው ዶጋ ላይ ይቀመጣል። የታላላቆቹን ቁልፍ ሥዕል በሺህ ጊዜ ሲገለብጥ ክብደት እንዴት እንደሚሳል፣ ልብስ ከሰውነት ዘግይቶ እንዴት እንደሚከተል እጁ ይለምደዋል። ሲበቃ ወደ ጌንጋ ያድጋል።

ችግሩ ኑሮው ነው። ክፍያው በአብዛኛው በሥዕል ቁጥር ነው፤ ለአንዱ ሥዕል ጥቂት መቶ የን (የጃፓን ገንዘብ)። የጃፓን አኒሜተሮች ማኅበር በ2015 ባወጣው ጥናት፣ የዶጋ ሠሪዎች አማካይ የዓመት ገቢ 1.1 ሚሊዮን የን አካባቢ ነበር። ይህ ቶኪዮ ውስጥ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለመብላት አይበቃም። ብዙዎች ከቤተሰብ ይደጎማሉ፤ ሌሎች ገና እጃቸው ሳይፈታ ሙያውን ይተዋሉ።

ገንዘቡ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ገበያው በ2023 ከ3 ትሪሊዮን የን በላይ ደርሷል፤ ከግማሽ በላዩም የመጣው ከውጭ አገር ነው። ወዴት ይሄዳል? አንድ ተከታታይ ሲሠራ አሳታሚው፣ ጣቢያው፣ የሙዚቃና የአሻንጉሊት ድርጅቱ ገንዘብ አዋጥተው ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ኪሳራውንም ትርፉንም የሚካፈሉት እነሱ ናቸው። ስቱዲዮው ገንዘብ ካላዋጣ ተቋራጭ ነው። ሥራው ዓለምን ቢያዳርስም የተዋዋለበትን ሒሳብ ይቀበላል።

የተለየ መንገድ የያዙም አሉ። ኪዮቶ አኒሜሽን ሠራተኞቹን በወር ደመወዝ ቀጥሮ፣ የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ሲያሠለጥን ኖሯል። የሥዕሉን ጥራት ያየ ሰው የዚህን ውጤት ያውቀዋል። በሐምሌ 2019 አንድ ሰው ስቱዲዮውን አቃጥሎ 36 ሰዎች ሞቱ። የጠፋው ነፍስ አይተካም። ከነፍሳቸው ጋር ለዓመታት የተገነባ ችሎታም አብሮ ሄዷል።

አሁን ደግሞ ዋጋ ለመቀነስና ቀን ለማድረስ ሲባል ብዙው የመሃል ሥዕል ወደ ቻይና፣ ኮሪያ፣ ፊሊፒንስና ቬትናም ይላካል። እዚያ ያሉት ሠዓሊዎች ሥራውን ይችሉታል፤ ቅሬታዬ በእነሱ ላይ አይደለም። ግን ጃፓን ውስጥ ጀማሪው የሚማርበት ጠረጴዛ እየጠበበ ነው። የጌንጋ ሰው እጥረቱም ከዚህ ይመጣል። መንግሥት በ2010 ወጣቶች በልምድ ባላቸው ሰዎች ሥር አጭር ፊልም እየሠሩ የሚማሩበትን ፕሮግራም መደገፍ ጀመረ። በ2023 የተቋቋመ የሙያው ሰዎች ማኅበር ደግሞ ለአኒሜተሮች የችሎታ ፈተና አዘጋጅቷል። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የሚፈትኑት ዶጋን ነው።