የልጅ ስም በድሬዳዋ፦ አወጣጡ፣ ማመንታቱና መልመዱ

በድሬዳዋና በዙሪያዋ የልጅ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከአያት፣ ከአባት፣ ከስለት ወይም ልጁ ከተወለደበት ቀን ይመጣል። ሁለት ወላጆች ተቀምጠው የሚመርጡት ስም ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው። ስለዚህ አራስ ቤት ሆኖ «ይህ ስም ለልጄ ይሆን ይሆን?» ብሎ ማመንታት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ዳሰሳ ስሙ ከወጣ በኋላ ያለውን ጊዜ፣ ማለትም ቤተሰቡ ልቡ ላላረፈበት ስም ምክንያት እየፈለገ የሚላመድበትን መንገድ ይመለከታል። የተጠናቀረው በአብዛኛው ከከተማዋ ሰፈሮች ከከዚራና ከለገሃሬ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰቦች ከተሰማው ነውና ሚዛኑ ወደዚያው ያጋድላል።

ከተማዋ ራሷ

ድሬዳዋም በመጀመሪያ ስሟ አልጸናችም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት በ1895 ዓ.ም. ቆላው ላይ ሲያርፍ፣ አዲሱ ሰፈር የተሰየመው «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ክብር ያለው ስም ነው፤ ነገር ግን አፍ ላይ አልዋለም። የዛሬውን ስም በኦሮምኛ «የመድኃኒት ሜዳ» ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ በሶማልኛ «ድር (የጎሳ አባት ነው) ጦሩን የተከለበት» ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ እዚህ የሚዘጋ አይደለም። ሁለቱም ወገን ግን ስሙን የሚወደው በየራሱ ምክንያት ነው፤ ከተማዋም ለሁለቱም አቤት ትላለች።

ስም አውጪው

በልማድ ቅድሚያው የአባት ወገን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ተከትሎ የልጁን ስም አባት እንደሚያወጣ፣ እናት ደግሞ ሌላ ስም ልትጨምር እንደምትችል ደንግጓል። ይህች የእናት ድርሻ ሕግ ሳይጻፍም በድሬ ቤቶች ስትሠራ የኖረች ናት። አያት በአንድ ስም፣ እናት በሌላ፣ ጎረቤት በሦስተኛ ይጠሩታል፤ ልጁም ለሁሉም ይመልሳል። ሕጉ ሰው ሁሉ የቤተ ዘመድ ስም ይኑረው ያለው ግን ወረቀት ላይ ቀርቷል፤ ተከታዩ ስም ዛሬም የአባት ስም ነው።

ከዚህ የተነሣ የልጅ ስም ለብቻው አይመዘንም። ከአባቱ ስም ጋር ሲገጥም ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። «ደስታ» ብቻውን ለአንዳንዱ ያረጀ ስም ነው፤ አባትየው ታደሰ ከሆነ ግን «ደስታ ታደሰ» ይሆንና ፊት ይፈታል። «ተስፋዬ» የሚለውን ግሩም ስም የከበደ ልጅ ላይ ማውጣት በአንጻሩ ዕድሜ ልክ የሚከተል ቀልድ ነው። የሚያመነታ ወላጅ መጀመሪያ ሲያደርገው የሚታየውም ይኸው ነው፤ ሁለቱን ስሞች አያይዞ ደጋግሞ ማለት።

ቀኖቹ

በሙስሊሙ ዘንድ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ፣ ማለትም ስለ ሕፃኑ የሚቀርብ በግ ወይም ፍየል ይታረዳል፤ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ። የሕፃኑ ጸጉር ይላጫል፣ ስሙም ለተሰበሰበው ይነገራል። በሐረር ግንብ ውስጥም እንዲሁ ነው። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። የክርስትና ስም ከዓለም ስም የተለየ ነው፤ ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም እያለ ከታቦት ጋር ያያይዛል፣ ለሁሉም ሰው አይነገርም። የመንግሥት መዝገብ በበኩሉ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ቆጥሮ ላየው ሰው ሴት ልጅ ከክርስትናዋ እስከ መዝገቡ የሚቀራት 10 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት ክትባት ላይ ነርሷ ካርዱን ይዛ «ስሟ ማን ተባለ?» ማለቷ አይቀርም።

እስከዚያ ድረስ ወንዱ «ማሙሽ»፣ ሴቷ «ሚሚ» ናቸው። ይህ የመቆያ ስም ነው፤ አንዳንዱ ሰው ግን ሽበት ካበቀለ በኋላም ማሙሽ ሆኖ ይቀራል።

ምክንያት ፍለጋ

ትልቁ መሣሪያ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አባባል ነው። አያት ስሙን አውጥተው ምራቲቱ ፊቷን ስታጨልም መጀመሪያ የሚሰማው ይህ ነው። አባባሉ ኃላፊነቱን ከአያት ትከሻ ላይ አንሥቶ ለመልአኩ ይሰጣል፤ ከመልአክ ጋር ደግሞ ክርክር የለም።

ሁለተኛው ትርጓሜው ነው። የአማርኛ ስም ብዙውን ጊዜ ግስ ወይም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ ለጆሮ የሻከረውን ለልብ የሚያለሰልስ ታሪክ ይዞ ይመጣል። ከሞተ ልጅ በኋላ የሚወለድ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ ይባላል። ወጣት እናት «ማስረሻ» የሚለውን ስም ሐዘን ያዘለ ነው ብላ ልትሸሸው ትችላለች። ትልልቆቹ ሴቶች ገንፎው ዙሪያ ተቀምጠው የሚያስረዷት ግን በተቃራኒው ነው፦ ስሙ የሚጠራው የሞተውን ሳይሆን ያስረሳውን ነው። «ስንታየሁ»ም እንዲሁ ነው። ላልለመደው እሮሮ ይመስላል፤ «ስንት አይቼ እዚህ ደረስኩ» ብሎ ለሚሰማው ግን የጸና ሰው ስም ነው።

ዝናብን የሚጠሩ ስሞች ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። በአማርኛ ዘነበና ዘነበች፣ በኦሮምኛ ሮባ፣ በሶማልኛ ሮብሌ፤ ሦስቱም ልጁ በዝናብ መጣ ይላሉ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀታም ቆላ ይህ ምርቃት እንጂ ሌላ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከዚያ በኋላ በዚህ ዳሰሳ አቅራቢ ሰፈር አንዲት አራስ አማቷ «ዘነበች» ሲሏት ልጅቷን አቅፋ አለቀሰች። ስሙን ያዳነችው ጎረቤቷ የሶማሌ እናት ነበረች። በሶማልኛ የ«ዘ» ድምፅ የለም፤ ዘካት እንኳ «ሰኮ» ሆኗል። እኚህ ጎረቤት ሕፃኗን በራሳቸው አንደበት «ሰነበች» ሲሏት፣ እናቲቱ በአማርኛ ጆሮዋ «ሰነበተች» ብላ ሰማች። ለአራስ ከዚህ የተሻለ ምርቃት ከየት ይመጣል? ስሙ በመዝገብ ዘነበች ነው፤ በግቢው ሰነበች ነው።

ይህ የድሬዳዋ ልዩ ጸጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ስም ገበያው ሰፈር መጋላ ወርዶ እስኪመለስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪና በዐረብኛ አንደበት ያልፋል። «ጴጥሮስ»ን የመሰለ ስም በመንገዱ ላይ ጥቂት ይጎዳል፤ «አሚና» ግን እንደወጣች ትመለሳለች። በሁሉም አፍ ደኅና ሆኖ የተመለሰ ስም ወላጆቹ ባይወዱትም እንኳ ሰፈሩ ይወድላቸዋል።

የስለት ስም

ቁልቢ ገብርኤል ከድሬዳዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ይህ ደብር በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ከመላ አገሪቱ ምእመን ይጎርፍበታል። ልጅ የተሳለ ልጁን ታቅፎ መጥቶ እዚያው ክርስትና ያስነሣል። ስለቱ አንዳንድ ጊዜ ስምንም ይጨምራል፦ «ወንድ ከሰጠኸኝ በአንተ ስም እጠራዋለሁ።» ልጁ ከተገኘ በኋላ ኃይለ ገብርኤል ወይም ሀብተ ገብርኤል የሚለው ስም ለዘመኑ ወላጅ ረዝሞ ሊታየው ይችላል፤ ጎረቤቱ ልጁን ናታን፣ ልጅቱን ሊያ ብሎ በሦስትና በሁለት ፊደል ጨርሷል። ስለት ደግሞ አይታጠፍም። መውጫው የስለቱን ስም ለክርስትናው ሰጥቶ ለቤት አጭር ስም መፈለግ ነው። ይህን እንደ ማምለጫ የሚነቅፉ አባቶች አሉ፤ የሚፈቅዱም አሉ። አቅራቢው ካየው ግን በስለቱ ስም የጸኑት አይጸጸቱም። ስሙ በተጠራ ቁጥር የታኅሣሥ ብርድ፣ የመንገዱ አቧራና ያኔ የተለቀሰው ለቅሶ አብሮ ይመጣል፤ ይህን ያህል ምክንያት ያለው ስም ብዙ አይደለም።

ተቀምጦ የቆየ ስም

ለሐረርጌ ሰው ትልቁ ምሳሌ ተፈሪ መኮንን ናቸው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረር አቅራቢያ እጀርሳ ጎሮ ሲወለዱ የዓለም ስማቸው ተፈሪ፣ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ሆነ። ሁለተኛው ስም 38 ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ ቆይቶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ ላይ ተነገረ። አባታቸው ራስ መኮንንም ሌላ ስም ነበራቸው፤ «አባ ቃኘው» የተባሉበት የፈረስ ስማቸው ዘልቆ ለኮሪያ ዘማቹ ሻለቃ መጠሪያ ሆኗል። መኮንን የሚለውም ለልጅ ልጃቸው፣ ለሐረሩ መስፍን ተላልፏል። አያቶች ይህን የሚያነሡት በከንቱ አይደለም፦ ዛሬ ያልጣመሽ ስም ቦታውን እየጠበቀ ነው ለማለት ነው።

ማሳጠር

የመጨረሻውና ቀላሉ መንገድ ቁልምጫ ነው። አስናቀች አስኒ፣ ሙሉጌታ ሙሌ፣ ወርቅነሽ ወርቄ፣ ፋጡማ ፋጤ ይሆናሉ። የድሬ ልጅ ደግሞ በዚህ አያበቃም፤ ሰፈሩ የራሱን ቅጽል ይጨምርለታል፣ በመታወቂያው ስም ቢፈልጉት የሚያውቀው አይገኝም። ይህ ሁሉ ካልሆነ ስሙን ከመዝገብ ለማስለወጥ የፍርድ ቤት ደጅ መጥናት አለ።

የአቅራቢው አክስት ከዚራ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸው በአማታቸው «መኮንን» ሲባልባቸው ለአርባ ቀን ሕፃን ስሙ ከበደባቸው። ስለዚህ ሙቀቱ በረድ ሲል በየምሽቱ በር ላይ ቆመው፣ ልጁ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ወደ ዛፎቹ አቅጣጫ «መኮንን! መኮንን!» እያሉ ተጣሩ። ጆሮአቸው እስኪለምደው ነበር። በመጀመሪያው ቀን የሰፈሩ ልጆች ሳቁ። በሁለተኛው አንዱ «ማን ነው እሱ?» አለ። በሦስተኛው ምሽት ገና ድምፃቸውን ሳያነሡ ልጆቹ ከመንገዱ ማዶ «መኮ ተኝቷል!» ብለው መለሱላቸው። መኮ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው።